ሲበርዳት የምታይ ሴት

በዛወርቅ የበግ ጠጉር ስትለይ ተሳስታ አታውቅም ነበር። ይህን የሚመሰክሩላት ወዳጆቿ ብቻ አይደሉም፤ በሰው ሥራ ላይ እንከን ሳያወጡ የማይውሉት አማቷ ወይዘሮ አመተሥላሴም ጭምር ናቸው። ለማያውቅ ሰው ጥቁር ጠጉር ሁሉ ጥቁር ነው። ለእሷ ግን ጥቁሩ ራሱ አራት ዓይነት ነበር፤ ፀሐይ ያቀላው አለ፣ ዝናብ ያደበዘዘው አለ፣ ከሆድ ሥር የተሸለተው አለ፣ ደግሞ ከሥሩ እስከ ጫፉ ጠቁሮ የሚወጣ፣ ለሙሽራ ባና የሚፈለገው አለ። ጠጉሩን በጣቷ ፈታ ፈታ አድርጋ ወደ በሩ ብርሃን ታዞረውና አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ትጥለዋለች። ሁለት ጊዜ አታይም።

ከባሏ ከጌጡ ጋር ያገናኛትም ይኸው ዓይኗ ነው። ጌጡ ባና ሸማኔ ነው፤ የመንዝ ብርድ የሚመከትበትን ያን ወፍራም የጠጉር ልብስ የሚሠራ። ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጠጉር ሊገዛ ራቤል ገበያ ሄዶ ጥቁሩንና ቀላ ያለውን ዳማውን አንድ ጆንያ ውስጥ ሲጠቀጥቅ አየችው። አላስቻላትም። የማታውቀውን ሰው ፊት ለፊት ቆማ ገሠጸችው፣ ጆንያውንም መሬት ላይ ዘርግፋ እንደገና ለየችለት። ጌጡ በሁለተኛው ሳምንት ጠጉር ሳያስፈልገው ራቤል ታየ። በሦስተኛው ሽማግሌ ይዞ መጣ።

የገባችበት ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ ነው። ጓሳ ከመንደሩ በላይ ያለው ሰፊው ደጋ ሜዳ ስም ነው፤ እዚያ የሚበቅለው ጠንካራ ሣርም በዚያው ስም ይጠራል። ሜዳው ለዓመታት ይከለላል፣ ጠባቂም ይቆምለታል። ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ሲከፍቱት ነው አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ የሚወጣው። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ሸክም ያጨደ ሰው የጎረቤቱን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ሰው ቤት እንደዘረፈ ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ጌጡም ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና በየካቲት ነው። በዛወርቅ ቀኝ ዓይኗን ስታዞረው ከበስተኋላው ወጋት። ጉድፍ ገብቶ ይሆናል ብላ አጠበችው። በአራተኛው ቀን በርበሬ ልትጨምር ማሰሮውን ስትከፍት ነገሩ ገረማት፤ በርበሬው በግራ ዓይኗ ስታየው በርበሬ ነው፣ በቀኙ ስታየው ሽሮ ነው። ደጋግማ አንዱን ጨፈነች፣ ሌላውን ገለጠች። ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገራለች?

በዚያው ሰሞን አንድ የዘመሮ ሰው ለልጁ ሠርግ ጥቁር ባና አዝዞ ነበር። እሷ ለየች፣ እሷ ፈተለች፣ ጌጡ ሠራ። ሰውየው ባናውን ሊወስድ መጥቶ ደጅ ላይ ሲዘረጋው ከጥቁሩ መሐል ጣት የምታህል ዳማ ከዳር እስከ ዳር ተጋድማ ታየች። ሁሉም አዩዋት፤ እሷ ግን ሰዎቹ በጣታቸው እስኪያሳዩዋት ድረስ አላየቻትም። ጌጡ ባናውን አጥፎ ወደ ቤት አስገባና ለሰውየው ሌላ እንደሚሠራለት ቃል ሰጠው። አማቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። በዛወርቅ ያን ቀን የተሰማት ኀፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ከጤና ጣቢያው የዓይን ጠብታ ሰጧት። በስድስት ሳምንት ዓይኗ ከዐሥር ዘጠኝ እጁን ያህል ተመለሰ። በሐምሌ ደግሞ ተራው የግራው ሆነ፤ እንደዚያው ወጋት፣ ደበዘዘ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። አለፈልኝ ብላ ስለቷን አስገባች።

አላለፈላትም። ኅዳር ገባና ውርጩ ገብሱ ላይ መቀመጥ ሲጀምር ቤት ውስጥ እሳት ቀኑን ሙሉ ይነድ ጀመር። በዛወርቅ ከውጭ ገብታ ምድጃው አጠገብ እንዝርቷን ይዛ ስትቀመጥ ትንሽ ቆይቶ ጢሱ የበዛ ይመስላታል። ዓይኗን ትጠርጋለች። ሌሎቹን ስትጠይቃቸው ጢስ የለም ይሏታል። ከዚያ ክሩ ይጠፋታል፣ ቀጥሎ ጣቷ፣ ቀጥሎ የባሏ ፊት። ተደናብራ ወደ ደጅ ስትወጣ፣ ጥቂት ስትቆም፣ መጀመሪያ የአጥሩ ድንጋይ ይመጣል፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት፤ ከዚያ ሩቅ ያለው የጓሳ ጫፍ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ስትገባ ይጠፋል፣ ስትወጣ ይመጣል።

ወይዘሮ አመተሥላሴ የሚችሉትን አደረጉ። የታመመ ሰው ይሸፈናል፤ ይህ በመንዝ ማንም የማይከራከርበት ነገር ነው። ልጃቸው ከሠራው ባና ሁሉ ወፍራሙን መርጠው ደረቡላት፣ እሳቱን አባሱት፣ ትኩስ አጥሚት በእጃቸው አጠጧት። ምራታቸውን ይወዷታል፤ ፍቅራቸውም በባና ቁጥር የሚለካ ነበር። በሦስት ባና የተጠቀለለች ዕለት በዛወርቅ የገዛ እጇን ማየት አቃታት።

ጸበል ወሰዷት። ሰባት ቀን ከንጋት ወፍ ጋር እየተነሣች ውርጭ የመታው ውሃ ሲወርድባት ሰነበተች። እሳት በሌለበት መጠለያ ተቀመጠች፤ ሰባቱንም ቀን ዓለሙን እንደ ልጅነቷ አጥርታ አየች። አለቀሰች፣ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ቤቷ ተመልሳ ምድጃው ዳር ተቀመጠችና ግማሽ ቀን ሳይሞላት ጨለመባት።

ከዚህ በኋላ ሰው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ታቦቱ ደጅ ታያለች፣ ሜዳ ላይ ታያለች፣ ሰው ቤት እንኳ በር ላይ ቆማ ታያለች። እዚህ ቤት ስትገባ ትታወራለች። እንግዲያው በሽታው ያለው ሴትዮዋ ላይ ሳይሆን ቤቱ ላይ ነው። እኔም እዚያ ብሆን ሌላ የምለው ያለ አይመስለኝም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት።

ይህ ወሬ ጌጡ ጆሮ ሲደርስ ሰውየው ከሳ። ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን የጓሳን ነገር የሚመለከቱት ሽማግሌዎች ወደተሰበሰቡበት ሄደና ከሁሉ የሚበልጡት አያ ፈንታ እግር ሥር ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ።

«ጓሳው ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሦስት ሸክም አጭጃለሁ፤» አላቸው። «ጠባቂው ሲዞር ተሸሽጌ ነው። ክዳኑ በነፋሱ በኩል ሳስቶ ነበር። ሙሽራዬ ልትገባ ነው፣ ከቆላው ወገን የመጣች ናት፣ እንዳይበርዳት ብዬ ነው።»

ስምንት ዓመት የተሸከመው ይህን ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ዋሉ። አያ ፈንታ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የጓሳን ሕግ ከአባታቸው የተቀበሉ ናቸውና የሰው ዓይን የሚያጠፋ ሣር ቤት ላይ መቆየት የለበትም አሉ። የተሰረቀው ከደኅናው ጋር ስለተቀላቀለ ለይቶ ማውረድ አይቻልም። ክዳኑ በሙሉ ይውረድ፣ ሣሩም ወደ በቀለበት ሜዳ ተመልሶ ይበተን ተባለ።

በታኅሣሥ አጋማሽ መንደሩ ወጥቶ ክዳኑን አወረደ። የሚወርደው ሣር እንዳይቀጣጠል በማለት እሳቱን ከጠዋቱ አጥፍተውታል። ጣራው ተነሥቶ ሲያልቅ ቤቱ አራት የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ሆነ፣ የጓሳ ነፋስም እንዳሻው ይገባበት ጀመር። አያ ፈንታ በዛወርቅን እጇን ይዘው አስገቧትና በየዕለቱ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀመጧት። ሰው በሙሉ ግድግዳውን ከቦ ከላይ ወደ ታች ያያታል። ቆዩ። ቆዩ።

በዛወርቅ ፊቷን ወደ ባሏ የሽመና ጉድጓድ አዞረች። ጌጡ የዘረጋው ድር አለ። ጣቷን ሳታስጠጋ፣ ካለችበት ሆና፣ ክሩን አንድ በአንድ ቆጠረችው። አርባ ሁለተኛው ጋ ስትደርስ «ይቺ ሳስታለች፣ ትበጠሳለች» አለች። ጌጡ ጎንበስ ብሎ ነካት፤ ክሯም እጁ ላይ ተበጠሰች።

እልልታው እስከ ጎረቤት ቀበሌ ተሰማ። አያ ፈንታ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ልጅ አለቀሱ። ወይዘሮ አመተሥላሴ መሬቱን ሳሙ። በዚያ ቀን እዚያ ከነበሩት መካከል ያልፈራ ሰው አልነበረም።

ለአዲሱ ክዳን ቆርቆሮ ተገዛ። በጥምቀት ማግስት ቄሱ ቤቱን ባረኩ፣ ዘመድ ተጠራ፣ ቀትር ላይ ሠላሳ ያህል ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቆ ተቀመጠ። እሳቱ እንደገና ነደደ፣ ወጡ ተንተከተከ። በዛወርቅ ደስታዋ አላስቀምጥ ብሏት ከወዲያ ወዲህ እያለች ታስተናግዳለች። ጠላ ስትቀዳ አያ ፈንታ ዘንድ ደረሰች። ዋንጫቸውን ዘረጉላት። እሷም ጠላውን ጉልበታቸው ላይ ቀዳችው፤ ቀዳች፣ ቀዳች፣ እስኪያልቅ ድረስ አላቆመችም።

ጠላው ከጉልበታቸው ወደ መሬት ሲንጠባጠብ ሠላሳ ሰው ያዳምጥ ነበር። ጌጡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ጌጡ ሽመናውን ተወ። ሣሩ ካልሆነ ሌላ ኃጢአት አለብኝ ብሎ ራሱን ይመረምር ገባ። ከዐሥር ዓመት በፊት ከጎረቤቱ በግ ላይ ሰርቆ የሸለተውን ጠጉር አስታወሰና ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ገበያ ላይ የዋሸውን ሁሉ እየዞረ ተናዘዘ። የመንደሩ ሰው መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎት ነበር፤ የጠፋበትን ነገር ሁሉ ጌጡ ወስዶት እንደሆነ ሊጠይቀው የሚመጣም አልጠፋም። በኋላ ግን ሁሉም ፈራ። ሰውየው ከእግሩ በታች መሬት የቀረለት አይመስልም ነበር።

አንድ ጠዋት ሚስቱን ደጅ ላይ አገኛትና፣ «ሣሩ አይደለም፣ ቤቱም አይደለም፤» አላት። «እኔ ነኝ። ለቅዳሜ ወደ ገዳም እሄድልሻለሁ። እኔ ስወጣ ታያለሽ።»

ሰኞ ነበር። በዛወርቅ የዚያን ዕለት የተሰማትን ስትናገር፣ ዓይኔን ከማጣት ይልቅ ያንን ፈራሁ ትላለች። ባሏን ታውቀዋለች፤ እሄዳለሁ ካለ ይሄዳል። እሷም ጠጉር የምትለይ ሴት ናትና ሌላው ሁሉ ሲጸልይና ሲያለቅስ እሷ መለየት ጀመረች።

አንድ ቁንጥር ጥቁር ጠጉርና አንድ ቁንጥር ዳማ ወሰደች። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ መዳፏ ይዛ እሳቱ ዳር ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም አንድ ሆኑ። ወደ በሩ ሄደች፤ ከውስጥ ናት፣ ከዚያው ከተረገመው ቤት አልወጣችም፣ ነፋስ ግን ያገኛታል። ሁለቱ ጠጉሮች ቀስ እያሉ ተለያዩ። ማክሰኞ እሳቱ ሳይቀጣጠል ጌጡን አጠገቧ አስቀመጠችው። አየች። ኋላ እሳቱ ሲነድ እንደገና ዳሩ ተቀመጠች፣ እግሯን ግን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረች። ጠጉሮቹ ሳይቀላቀሉ ብዙ ቆዩ።

ረቡዕ ማለዳ እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ ዳገቱን ወደ ጓሳ ወጣች። አታቋርጥም፣ ትሮጣለች ማለት ይቻላል፤ ያዩዋት አበደች አሉ። ከዳገቱ ጫፍ ስትደርስ ላብ በላብ ሆናለች። ቤት የለ፣ ክዳን የለ፣ ባል የለ፤ ጌጡ ከታች መንደር ውስጥ ነው። መዳፏን ዘረጋች። ሁለቱም ጠጉሮች አንድ ነበሩ። እንስራውን አውርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ነፋሱ ላቧን እያደረቀ ጠበቀች። መጀመሪያ ዳማው ቀላ አለ፣ ከዚያ ጥቁሩ ጠቆረ፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ እስከ ጥግ ድረስ ተገለጠላት።

ብቻዋን ሳቀች። ያን ጊዜ የያዛት ነገር ፍርሃት አልነበረም፣ ደስታ ብቻም አልነበረም፤ ሰው ትልቅ ነገር አጠገብ ሲቆም የሚሰማው ዓይነት ነው። እዚህ ገላ ውስጥ ሕግ አለ። ሰው ያላወጣው፣ ሽማግሌ ያልቆረጠው፣ ግን የማያዳላ ሕግ አለ፤ እሷም አየችው።

ጌጡን ጠርታ፣ «ሙቀት ነው፤» አለችው። «ቤቱም አይደለም፣ አንተም አይደለህም። ሲሞቀኝ ነው።»

አላመናትም። ልታስቀረኝ ነው ብሎ አሰበ። እሷም ጠጉሮቹን እጁ ላይ አስቀመጠችና ከጀርባው ሸሽጎ እያቀያየረ እንዲያሳያት አደረገችው። በሩ ላይ ዐሥር ጊዜ አሳያት፣ ዐሥሩንም አገኘች። እሳቱ ዳር ዐሥር ጊዜ አሳያት፣ ግማሹን ሳተች። መልሶ በሩ ላይ። መልሶ እሳቱ ዳር። ሁለቱም ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። በመጨረሻ ጌጡ ጠጉሮቹን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቅዳሜ ገዳም አልሄደም።

የሄዱት ወደ ሐኪም ነው። በዛወርቅ ለማንም ያልነገረችው ሌላም ነገር ነበረባት። ወገቧን አንድ ነገር ጠፍሮ ይይዛታል፤ መቀነቷን ትፈታለች፣ የሌለው መቀነት ግን እንደጠበቀ ይቀራል። ቀኝ እግሯም እየተጎተተ ድንጋይ ይነካ ጀምሯል። ደብረ ብርሃን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ጽናት የምትባል ልጅ እግር የነርቭ ሐኪም አገኙ። ዶክተሯ በቀይ የጠርሙስ ክዳን አንድ በአንድ ዓይኗን ፈተነቻት፣ ጉልበቷን በመዶሻ መታች፣ ውስጥ እግሯን ጫረቻት። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርጋ፣ አንገትሽን ወደ ደረትሽ ስትደፊ ከጀርባሽ እስከ እግርሽ የሚነዝርሽ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

በዛወርቅ ደነገጠች። ነበረ። በጾሙ ወቅት ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ፣ አንገቷን በደፋች ቁጥር፣ የሆነ ነገር ከማጅራቷ ተነሥቶ እስከ ተረከዟ ይወርድ ነበር። አንዳንዴ በረከት ነው ትላለች፣ አንዳንዴ ተግሣጽ ነው ትላለች። ለባሏም፣ ለንስሐ አባቷም አልነገረችም።

«ማን ነገረዎት?» አለቻት።

ዶክተሯ ፈገግ አለችና ማንም እንዳልነገራት፣ በሽታው ራሱ እንዲህ እንደሚናገር አስረዳቻት። ያን ጊዜ በዛወርቅ የሁለቱን ጠጉሮች ነገር፣ የዳገቱን ነገር፣ የእግር ውሃውን ነገር ሁሉ ዘረገፈችው። ዶክተር ጽናት እየጻፈች ነበር፤ መጻፏን አቆመች። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ባሕር ማዶ አንድ ሐኪም ይህንኑ ነገር አስተውሎ እንደነበር፣ ከእሱ በኋላም ሐኪሞች በሽታውን ለማወቅ ሰውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስገቡ እንደነበር ነገረቻት። «እኔ ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት፤» አለቻት። «አንቺ ግን በሁለት ቁንጥር ጠጉር አገኘሽው።»

አዲስ አበባ ተልካ ጭንቅላቷንና አከርካሪዋን ኤምአርአይ ተነሣች። መሣሪያው ውስጥ ተኝታ የሚደበድበውን ድምፅ ስትሰማ ጌጡ ሲሸምን የሰማች መሰላትና ተረጋጋች። በኋላ ፎቶውን ዶክተር ጽናት ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። በዛወርቅ የራሷን ጭንቅላት ውስጥ አየች። እጥፋቱን፣ መስመሩን፣ እዚህም እዚያም ውርጭ እንዳረፈበት ገብስ ነጣ ነጣ ያለውን ቦታ። ብዙ አየችው። ለካ ስታስብ የኖረችው በዚህ ነው።

ዶክተሯ እንዲህ ብላ አስረዳቻቸው። የዓይንሽ ብሌን ጤነኛ ነው። የታመመው ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ክር ነው። ክሩ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው፤ ልባሱ ከተላጠ መልእክቱ በደካማው ያልፋል፣ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ያም ይቋረጣል። ልባሱን የላጠው ከውጭ የገባ ነገር አይደለም። ሰውነት ከበሽታ የሚጠብቁት ዘበኞች አሉት፤ እነሱ ተሳስተው የገዛ ቤታቸውን ጠላት ነው ብለው መቱት። ስሙም መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። ለምን ተሳሳቱ ለሚለው ሐኪም ሁሉ ገና ሙሉ መልስ የለውም፤ የማንም ኃጢአት ግን አይደለም። ብርድም መድኃኒት አይደለም፣ እሳትም በሽታ አይደለም፤ ሙቀት የሚያሳየው ቀድሞ የተጎዳውን ነው። ጸበሉን አትተዪ፣ መድኃኒቱንም አትተዪ። መድኃኒቱ የዘበኞቹን ቁጣ ያበርዳል፣ አዲስ ቁስል እንዳይመጣ ይከላከላል፤ የተላጠውን ሁሉ ግን አይመልስም።

«የጓሳ ጠባቂ እኔን ሌባውን አሳለፈኝ፤» አለ ጌጡ። «የእሷ ጠባቂዎች ምንም ያላጠፋችውን መቱ።»

ዶክተር ጽናት የጓሳን ታሪክ አታውቅምና ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። በዛወርቅ ግን ገባት፣ እጁንም ያዘችው።

ለአምስት ቀን በደም ሥሯ መድኃኒት ተሰጣት፤ የሌለው መቀነት ላላ፣ እግሯም ድንጋይ መንካቱን ቀነሰ። አሁን በየስድስት ወሩ ወደ አዲስ አበባ እየወረደች ሌላውን መድኃኒት ትወስዳለች። ዓይኗ እንደ ድሮው አይደለም። ከአራቱ ጥቁር ሦስቱን ትለያለች፤ አራተኛውን በጣቷ ታገኘዋለች።

ቤታቸው ሲመለሱ አስቸጋሪ የሆኑት ወይዘሮ አመተሥላሴ ነበሩ። ባናውን ከላይዋ ላይ አውርዱ፣ ከእሳቱ አርቋት ሲባሉ አኮረፉ። «ሰው እንዴት ልጁን ብርድ ላይ ጥሎ እወዳታለሁ ይላል?» አሉ። በዛወርቅ ጎናቸው ቁጭ ብላ ስትነግራቸው፣ ስታሳያቸው፣ ጠጉሮቹን ስታስቆጥራቸው ሰነበተች። አንድ ቀን አማቷ ራሳቸው መጥተው የደረቡላትን ባና ከትከሻዋ አነሡላት፤ እያነሡም አለቀሱ።

ጌጡን ደግሞ አንድ ጥያቄ አልለቀው አለ። ሣሩ ካልበደለ፣ ያ ሁሉ ኑዛዜ፣ ያ ሁሉ ክዳን ማውረድ ለምን ነበር? በዛወርቅ የቀረውን ጠጉር እየለየች መለሰችለት። «ክዳኑን ባታወርደው ኖሮ እስከ ዛሬ ሣሩ ነው ስንል እንኖር ነበር። ሣሩ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆርቆሮው ሲመጣ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «ሣሩንስ ቢሆን እንዳይበርደኝ ብለህ ነው የሰረቅኸው፤» አለችና ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በዛወርቅ አሁን የምትፈትለው በሩ ላይ ነው። የጓሳ ነፋስ ቀጥታ የሚገባበት፣ ሌላ ሰው ከብርዱ የተነሣ አንድ ጸሎት እስኪያደርስ እንኳ የማይቆይበት ቦታ ነው። በመንዝ ባና የማትለብስ የባና ሸማኔ ሚስት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ጌጡ ግን የብርድ ሰው አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ብርድ እንደማይችል አገር ያውቃል፤ የሽመና ጉድጓዱም ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ ምድጃው አጠገብ ነበር። ባለፈው ኅዳር፣ ውርጩ ሲጀምር፣ ዶማ አነሣና የበሩን ጥግ መቆፈር ጀመረ። በሁለት ቀን ጨርሶ መርገጫውን ተከለ፣ ድሩን ዘረጋ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ከሚስቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀመጠ።

ምድጃው ዳር አሁን ወይዘሮ አመተሥላሴ ብቻ ይሞቃሉ። ጌጡ ይሠራል፣ ጣቶቹ ይቀላሉ፣ አፍንጫው ይፈሳል። በዛወርቅ ክሩን ስታቀብለው ፊቱን ታየዋለች፤ ከቅንድቡ እስከ ጺሙ ሽበት ድረስ አንዱም አይጠፋባትም።

«አይበርድህም?» አለችው አንድ ቀን።

«ይበርደኛል፤» አለና መወርወሪያውን ወረወረ።